ጅማ ስለ ራሷ የጻፈችው የት ተቀምጧል?

(በጅማ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለከተማው ነዋሪዎች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ትንሽ ተስተካክሏል)

ጤና ይስጥልኝ፣ አካም ጂርቱ።

ስለ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ላይብረሪ ሲወራ ቶሎ የሚመጣው ጥያቄ «ስንት መጽሐፍ አለው?» የሚል ነው። ቁጥሩ ለዓመታዊ ሪፖርት ይመቻል። አንባቢን ግን ብዙም አይጠቅመውም። ተማሪ ሁሉ የሚፈልገው መጽሐፍ አንድ ኮፒ ብቻ ኖሮ፣ ማንም የማይነካው መቶ ኮፒ ሊኖር ይችላል። ሲደመር ሁሉም መጽሐፍ ነው። ስለዚህ ዛሬ ቁጥሩን ልተወውና ሌላ ልጠይቅ። ጅማ ያለ ላይብረሪ፣ አዲስ አበባም ሆነ ለንደን የማይገኝ ምን አለው? ምንስ ሊኖረው ይገባል?

እዚያ ለመድረስ ግን በየቀኑ ሥራ በኩል ማለፍ አለብኝ። ይህን ትልቅ ጥያቄ ሁሌ ወደ ነገ የሚገፋው የየቀኑ ሥራ ነውና።

ከወንበር ልጀምር። ፈተና ሲደርስ ወደ ላይብረሪ የሚጎርፈው ተማሪ አብዛኛው መጽሐፍ ፍለጋ አይመጣም። ሀንድአውቱን ይዞ፣ ስልኩ ላይ ፒዲኤፍ ጭኖ ነው የሚመጣው። የሚፈልገው ጠረጴዛ፣ መብራትና ጸጥታ ነው። ዶርም ውስጥ ችከላ ምን እንደሚመስል ያየ ያውቀዋል። አንዱ ይተኛል፣ አንዱ ሙዚቃ ይከፍታል፣ አንዱ ከእናቱ ጋር በስልክ ያወራል። አንዳንድ ባልደረቦቼ ግን ቅር ይላቸዋል። «የንባብ አዳራሽ ብቻ ሆነን ቀረን» ይላሉ። እኔ አይከፋኝም። መብራትና ጸጥታ መስጠትም አገልግሎት ነው፤ ቤቱ የማያገኘው ተማሪ ብዙ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና መጣ። ተመራቂው የድሮ ኮርሶቹን ሳይቀር እንደገና ሊያነብ ይመጣል። ወንበሩ ያው፣ ወረፋው ግን ጨመረ።

ቦታ መያዝ የሚባለውን ጣጣ አላነሳውም። ጠዋት የተጣለ ደብተር ባለቤቱ ከምሳ በኋላ እንደሚመጣ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ወደ መጽሐፉ እንሂድ። አንድ አዲስ የሕክምና መማሪያ መጽሐፍ ከውጭ ሲገዛ ከ100 ዶላር በላይ መሆኑ የተለመደ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 ብርን ተሻገረ። በብር የተያዘው የመጽሐፍ በጀት እዚያው በተቀመጠበት በግማሽ ቀለጠ ማለት ነው። በዚህ ላይ የግዢው መንገድ አለ። ዲፓርትመንት ዝርዝር ይልካል። ጨረታ ይወጣል። በዋጋ ያሸነፈው አቅራቢ ያገኘውን እትም ያመጣል። መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ ሲደርስ ዝርዝሩን የጻፈው መምህር ለዶክትሬት ትምህርት ሄዷል፤ አዲሱ መምህር የሚያስተምረው በሌላ መጽሐፍ ነው። ይህን ሲሆን ስላየሁ ነው የምናገረው፤ የት እንደሆነ ግን አትጠይቁኝ።

ክፍተቱን የሚሞላው ብዙ ጊዜ ልገሳ ነው። የተለገሰ መጽሐፍ እንደ ቦንዳ ልብስ ነው። ሲፈታ አንዳንዴ አዲስ ካፖርት ይወጣል፣ አንዳንዴ ለዚህ አገር አየር የማይሆን ሱሪ። ቆንጆ የቀዶ ሕክምና አትላስ የመጣበት ካርቶን ውስጥ፣ የአንድ የአሜሪካ ክፍለ ግዛት የግብር ሕግ መመሪያ አብሮ ይመጣል። ችግሩ «አንፈልግም» ማለት ነውር መምሰሉ ነው። በእኔ እምነት ግን ላይብረሪ የማይቀበለውን አስቀድሞ የሚናገር አጭር የጽሑፍ መመሪያ ሊኖረው ይገባል። የማንም መጋዘን አይደለም። ለጋሹም ቢሆን ቅር የሚለው ሳይነገረው ሲቀር ነው።

ጅማ ላይ ደግሞ የዝናቡ ነገር አለ። ይህች ከተማ ዝናብ አትነፈግም፤ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ይወርድባታል። የአየሩ እርጥበት ከ65 በመቶ በላይ ሆኖ ሲቆይ ወረቀት ላይ ሻጋታ ይበቅላል። መጀመሪያ ሽታው ይመጣል፣ ቀጥሎ የጀርባው ጨርቅ ላይ ነጭ ነጠብጣብ። የሚያብረቀርቅ ወረቀት ያለው መጽሐፍ ደግሞ ገጾቹ እርስ በርሳቸው ይጣበቃሉ። የሥዕል መጽሐፍ፣ ማለትም ውድ ውዱ፣ አብዛኛው እንዲህ ያለ ወረቀት ነው። ፀሐይ ላይ ማስጣት መድኃኒቱ አይደለም፤ ቀለሙን ያደበዝዘዋል፣ ወረቀቱን ያደርቀዋል። መደርደሪያን ከውጭ ግድግዳ ማራቅ፣ ታችኛውን መደርደሪያ ከወለል ከፍ ማድረግ፣ አየር እንዲዘዋወር በመጽሐፍቱ መካከል ክፍተት መተው ብዙ ያድናል። ወጪውም ትንሽ ነው። ትንሽ ስለሆነ ይመስለኛል ማንም በጀት የማይጠይቅለት።

አሁን ወደማልደራደርበት ርዕስ መጣሁ፤ ወደ ካታሎግ፣ ማለትም ወደ መጽሐፍቱ መዝገብ። ብዙ ሰው አሰልቺ ይመስለዋል። ለእኔ የላይብረሪው ልብ እዚህ ነው። መጽሐፍት በርዕሳቸው ቁጥር ተሰጥቷቸው ነው የሚደረደሩት፤ ስለ ቡና አመራረት የተጻፈ መጽሐፍ ዲዊ በሚባለው አመዳደብ 633.73 ላይ ይቀመጣል። በአሜሪካ ኮንግረስ ላይብረሪ አመዳደብ ደግሞ ኤስቢ 269 ላይ ነው። ተማሪው ይህን ቁጥር አለማወቁ አይገርምም። የሚገርመው አንብቦ የጨረሰውን መጽሐፍ ደስ ያለው ቦታ ሲመልሰው ነው። ያለ ቦታው የገባ መጽሐፍ ከተሰረቀ መጽሐፍ አይሻልም። እንዲያውም ይብሳል፤ ኮምፒዩተሩ «አለ» ይላል፣ እናንተ ሄዳችሁ ታጡታላችሁ። ለዚህ ነው «ያነበባችሁትን ጠረጴዛው ላይ ተዉት፣ እኛ እንመልሰዋለን» የሚባለው። ለደግነት አይደለም።

የኛ አገር ካታሎግ ሌላ ቦታ የሌለ ፈተናም አለበት። አንደኛው ስም ነው። እኛ የምንታወቀው በራሳችን ስም ነው፤ የአባት ስም ተከታይ ነው። የአገራችን ላይብረሪ ኢትዮጵያዊ ደራሲን የሚመዘግበው በራሱ ስም ነው፤ ትክክልም ነው። የውጭ ጆርናል ግን ሁለተኛውን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ያስቀድማል። ቶለሳ ገመቹ የሚባል ተመራማሪ ቢኖር፣ እዚህ በቶለሳ፣ እዚያ በገመቹ ይፈለጋል ማለት ነው። ወንድሙም ከጻፈ እዚያ ሁለቱ አንድ ሰው ሊመስሉ ይችላሉ። ልጁም ይጽፋል እንበል፤ ልጁ ደግሞ እዚያ «ቶለሳ» ሆኖ ቁጭ ይላል። አባት በአያት፣ ልጅ በአባት ስም ተመዝግበው ሲምታቱ አስቡት።

ሁለተኛው ፊደል ነው። አማርኛ በኮምፒዩተር ስትፈልጉ «ሀ፣ ሐ፣ ኀ» ለጆሯችን አንድ ነው፤ ለማሽኑ ግን ሦስት። «ጸ» እና «ፀ»፣ «ሰ» እና «ሠ»፣ «አ» እና «ዐ» እንዲሁ። ርዕሱ «ሕክምና» ተብሎ ተመዝግቦ ተማሪው «ህክምና» ብሎ ከጻፈ፣ መልሱ «ምንም አልተገኘም» ይሆናል። መጽሐፉ አሥር እርምጃ ላይ ተቀምጧል። ሥርዓቱ ተመሳሳይ ድምፆችን አንድ አድርጎ እንዲፈልግ ማስተካከል ይቻላል፤ ብዙ ላይብረሪዎች የሚጠቀሙበት ኮሃ የሚባለው የካታሎግ ፕሮግራም ክፍት ሶፍትዌር ስለሆነ መነካካት አይከለከልም። ያገራችን ኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪዎች ለመመረቂያ ፕሮጀክት ርዕስ አጣን ሲሉ ስሰማ ይቺን ነው የማስታውሰው።

ሦስተኛው ዘመን ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተው በታኅሣሥ 1992 ዓ.ም. ነው። በፈረንጁ ታኅሣሥ 1999 ሆነ። እርሻ ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋህደው ነው ዩኒቨርሲቲ የሆኑት። ኮሌጁ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1952፣ ኢንስቲትዩቱ በ1983 የተጀመሩ ናቸው። አሁን አስቡት። የእርሻ ኮሌጁ የድሮ ሪፖርት ሽፋኑ ላይ «1975» ቢል፣ የትኛው 1975 ነው? ንጉሠ ነገሥቱ ከወረዱ በኋላ ባለው ዓመት ነው ወይስ ከዚያ ሰባትና ስምንት ዓመት ቆይቶ? መዝጋቢው ያልጠየቀውን ጥያቄ ከዓመታት በኋላ ተመራማሪው በግምት ይመልሰዋል።

የኤሌክትሮኒክ ሀብቱን በአጭሩ ልለፈው፤ ምክንያቱም እዚህ ላይ ያለው ዜና ጥሩ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከአሳታሚዎች ጋር ሆኖ በ2002 እ.ኤ.አ. ሂናሪን ጀመረ። በሺዎች የሚቆጠሩ የጤና ጆርናሎችን ድሃ አገሮች በነፃ ወይም በትንሽ ክፍያ እንዲያነቡ ያደርጋል። ለእርሻ አጎራ በ2003 ተከተለ። ሌሎችም ተጨምረው ዛሬ ሁሉም ሪሰርች ፎር ላይፍ በሚባል ጥላ ሥር ናቸው። የኢትዮጵያ ተቋማት በነፃ ከሚጠቀሙት ወገን ነን። ሌላ አገር አንድ ጽሑፍ ለማንበብ 30 እና 40 ዶላር የሚጠየቅበትን እናንተ በይለፍ ቃል ትከፍቱታላችሁ። ታዲያ ለምን ተማሪው ቴሌግራም ላይ ይለምናል? የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ስለሆነ ነው። ላይብረሪያን ቢሯችሁ ድረስ መጥቶ እንዲነግራችሁ አትጠብቁ፤ ገብታችሁ ጠይቁ። መጠየቅ ነፃ ነው።

መብራትና ኔትወርክ ግን እኛን አያማክሩም። ሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ኢንተርኔት በአገር ደረጃ ተዘግቶ ሳምንታት ሲቆይ፣ ኦንላይን ብቻ የነበረው ስብስብ ሁሉ እንደሌለ ሆነ። ስለዚህ በግቢው ሰርቨር ላይ የሚቀመጥ፣ ያለ ኢንተርኔት የሚከፈት ስብስብ የግድ ነው። ኪዊክስ የሚባለው ፕሮግራም ሙሉ ዊኪፒዲያን ያለ ኔት ያስነብባል። የራሳችን ቴሲስና ሞጁል ደግሞ ከውጭ ሰርቨር መምጣት የለበትም።

ይህን ስል ወደ ዋናው ነገር ደርሻለሁ።

የውጭ መጽሐፍና ጆርናል ከየትም ይመጣል። ዛሬ ባይኖረን ነገ እናገኘዋለን። እኛ ካልያዝነው ማንም የማይዝልን ግን እዚሁ የተጻፈው ነው። ምሳሌ ልስጣችሁ። በ1971 እ.ኤ.አ. የቡና ፍሬ በሽታ ኢትዮጵያ ውስጥ ታየ። ፍሬውን ዛፉ ላይ እንዳለ የሚያጠቁር በሽታ ነው፤ ገበሬውን ባዶ እጁን ያስቀረዋል። እዚሁ ጎናችን መልኮ ላይ ያለው የምርምር ማዕከል ከየጫካውና ከየማሳው የሚቋቋሙ ዛፎችን መምረጥ ያዘ። 74110፣ 74112 የሚባሉት ዝርያዎች ከዚያ ሥራ የወጡ ናቸው። 74 የተመረጡበትን ዓመት፣ 1974 እ.ኤ.አ.ን ያመለክታል። ዛሬ አውሮፓ ወይም ጃፓን የሚሸጥ የተቆላ ቡና ከረጢት ላይ እነዚህ ቁጥሮች ታትመው ታገኛላችሁ። ከረጢቱን የገዛው ሰው «ይህ ቁጥር ምንድን ነው?» ብሎ ቢፈልግ፣ መልሱ በዚያ ዘመን በታይፕ የተመታ የመስክ ሪፖርት ውስጥ ነው። እንዲህ ያለ ሪፖርት በዓለም ላይ መጀመሪያ ሊገኝ የሚገባው ቦታ ጅማ ነው። ሌላ ቦታ መፈለግ የለበትም።

ሁለተኛ ምሳሌ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሲቢቲፒ፣ ማለትም ማኅበረሰብ ውስጥ ገብቶ የሚደረገውን ሥልጠና፣ ያልወጣ የለም። በቡድን ሆናችሁ ቀበሌ ገብታችኋል። የቤቱን ብዛት፣ የውሃውን ምንጭ፣ የመጸዳጃውን ሁኔታ፣ የልጆቹን ክትባት ጠይቃችሁ ጽፋችኋል። ችግሩን ለይታችሁ፣ በቅደም ተከተል አስቀምጣችሁ፣ መፍትሔ አቅርባችኋል። የጤና ተማሪዎች ደግሞ በመጨረሻው ዓመት ቲቲፒ፣ ማለትም የቡድን ሥልጠና፣ ብለው እንደ አጋሮና ሸቤ ባሉ ከተሞች ሰንብተው፣ ከነርስ፣ ከፋርማሲና ከላብራቶሪ ተማሪዎች ጋር አብረው ሠርተዋል። ይህ ነገር ያለማቋረጥ ሲሠራ ኖሯል። አንድ ቀበሌ በተለያየ ዘመን፣ በተለያየ ቡድን ተጠንቷል ማለት ነው። ሪፖርቱ ተጠርዞ፣ ነጥብ ተሰጥቶበት ያበቃል። እኔ ባየሁባቸው ተቋማት እንዲህ ያለ የተማሪ ሪፖርት መጨረሻው የዲፓርትመንት ቁም ሳጥን ነው። ቁም ሳጥኑ ሲሞላ ደግሞ፣ ልናገረው አልፈልግም፣ የሱቅ መጠቅለያ የሆነም አይቻለሁ።

«የተማሪ ሥራ ነው፤ ጥራቱ አይታመንም» የሚል መምህር ይኖራል። እውነት አለው። አንዳንዱ ቡድን ዛፍ ሥር ተቀምጦ የሞላው ፎርም እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ትስቃላችሁ፤ ስለዚህ እዚህም አላችሁ ማለት ነው። ግን አንድ ሪፖርት ብቻውን ባይታመን፣ የአንድ ቀበሌ ብዙ ሪፖርት ጎን ለጎን ሲቀመጥ አንዱ ሌላውን ያርመዋል። ስህተቱም መረጃ ነው። ወጥ በሆነ መንገድ ሕዝብን መከታተል ምን እንደሚያፈራ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የጊልጌል ጊቤ የመስክ ምርምር ማዕከል ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ልደቱን፣ ሞቱን፣ ከቦታ ቦታ መሄዱን ሲመዘግብ ቆይቷል። ከዚያ መረጃ ላይ ብዙ ጥናት ታትሟል። የተማሪው ሪፖርት ያን ያህል ጥብቅ አይደለም። ግን በየቀበሌው አለ።

ጅምር የለም አልልም። ዩኒቨርሲቲው ማንም ከየትም ሆኖ የሚከፍተው የቴሲስ ማከማቻ ድረ ገጽ አለው። የኢትዮጵያ የጤና ሳይንስ ጆርናልም እዚሁ ጅማ የሚዘጋጅ፣ በነፃ የሚነበብ ነው። በአገር ደረጃ በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲም በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ጥናት ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን ይጠይቃል። ስለዚህ «ይፈቀዳል ወይ?» የሚለው ጥያቄ አብቅቷል። የቀረው ማን ይሥራው የሚለው ነው። ስካነር ርካሽ ነው። ውዱ ነገር ቁጭ ብሎ የቀበሌውን ስም፣ ዓመቱን በሁለቱም አቆጣጠር፣ ርዕሱን በኦሮምኛ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የሚመዘግብ ሰው ነው። የሰው ኃይል ሲቀነስ መጀመሪያ የሚነካው ደግሞ ይህ ሰው ነው፤ ሥራው ከውጭ ስለማይታይ።

ለከተማው ሰዎችም አንድ ቃል አለኝ፤ የመጣችሁት ተማሪ ብቻ ስላልሆናችሁ። በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን ጅማ የታወቀች የእስልምና ትምህርት ማዕከል ነበረች። ከዚያ ወዲህም በየቤቱ በዓረብኛ ፊደል የተጻፉ የእጅ ጽሑፎች ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፉ ኖረዋል። ላይብረሪ እነዚህን ከቤተሰብ ይውሰድ አልልም። እኔ ብሆን አልሰጥም። ባለሙያው ካሜራውን ይዞ እናንተ ቤት ይምጣ፣ እናንተ ፊት ያንሳ፣ ዋናው እዚያው ይቅር፣ አንድ ቅጂ ለቤተሰቡ ይሰጥ። ማን እንደሚያየውም ቤተሰቡ ይወስን። የዝናቡን ነገር ከላይ ነግሬያችኋለሁ፤ ሻጋታው የቤት ሣጥንንም አይምርም።

ማየት የተሳናቸውን ተማሪዎች ሳልጠቅስ አላልፍም። በ2013 እ.ኤ.አ. ማራኬሽ ላይ የተፈረመው ስምምነት፣ ኢትዮጵያም የተቀበለችው፣ የታተመ መጽሐፍን የባለመብቱን ፈቃድ ሳይጠብቁ ወደ ብሬል ወይም ወደ ድምፅ መለወጥን ይፈቅዳል። ስካን ሲደረግ ፎቶ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር፤ ስክሪን ሪደር፣ ማለትም ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም፣ ፎቶ አያነብም። ጽሑፉ ጽሑፍ ሆኖ ይውጣ። ከመጀመሪያው ካልታሰበበት በኋላ ሁለት ጊዜ መሥራት ነው።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህን ነው። መምህራን፣ ዘንድሮ የሚገባው ሪፖርት ከደረቅ ኮፒው ጋር ሶፍት ኮፒ ይኑረው፤ ላይብረሪውም ሳይቀበል ነጥብ አይመዝገብ። ላይብረሪን ተማሪው የሚያስታውሰው ለክሊራንስ ብቻ ነው ስንል ኖረናል፤ እንግዲያውስ በዚያው ክሊራንስ ላይ «ሪፖርቱ ገብቷል» የሚል አንድ መስመር ይጨመር። ያልገባ አይፈረምለትም። የድሮውን ደግሞ በአንድ ጊዜ አንሞክረው። አንድ ወረዳ እንምረጥ፣ ያለውን ሁሉ እንሰብስብ፣ ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ እንየው።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፤ ከወዲያ ያሉት አባት ቅድም በሻይ ሰዓት ያነሱልኝ ነው። እነዚህ ሪፖርቶች ውስጥ የሰው ቤት ጉዳይ አለ። ማን ሳንባ ነቀርሳ እንደታመመ፣ የማን ልጅ እንዳልተከተበ፣ አንዳንዴም ከቤት ቁጥሩ ጋር። ይህ እንዳለ ኢንተርኔት ላይ አይወጣም። ስም፣ የቤት ቁጥርና ፎቶ ከሚታየው ቅጂ ይነሳል፤ ሙሉው ተቆልፎ ይቀመጣል፤ ለማየት የሚፈልግ ተመራማሪ በሥነ ምግባር ኮሚቴ በኩል ይጠይቃል። ቀበሌውም ስለ ራሱ የተጻፈውን አንድ ቅጂ በሚያነበው ቋንቋ ያግኝ። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አንሡ፤ ከኋላ እንጀምር።